«ሉክስ» ካሉ በኋላ ምን ይከተላል? ቅጽል፣ ተውሳከ ግስና መስተዋድድ በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር

ውድ ጠያቂ፣ ጥያቄዎ ይህ ነበር። በሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ይሠራሉ። ኃላፊዎ አምስት ዓረፍተ ነገሮችዎን ስህተት ናቸው ብለው አሰመሩባቸው፤ ምክንያቱን ግን አልነገሩዎትም። ዓረፍተ ነገሮቹ «አይ አም ኢንተረስቲንግ ኢን ዚስ ትሬይኒንግ»፣ «ዘ ጌስት ሉክስ ላይክ አንግሪ»፣ «ዘ ሱፕ ስሜልስ ዴሊሸስሊ»፣ «አይ አም ጉድ ኢን ኮምፒውተር» እና «አወር ሩምስ አር ቱ ክሊን» ናቸው። ከግስ በኋላ መቼ ቅጽል፣ መቼ ተውሳከ ግስ እንደሚገባ፣ ከቅጽሉ ቀጥሎ የሚመጣው መስተዋድድም በምን እንደሚታወቅ ጠይቀዋል። የእንግሊዝኛውን ቃላት እኔም እንደ እርስዎ በፊደላችን፣ እንደሚነገሩት እጽፋቸዋለሁ።

አምስቱም ስህተቶች የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አማርኛ ስሜትንና ሁኔታን በአንድ ግስ ጠቅልሎ ይናገራል። «ኮራሁበት» የምትለዋን ቃል ይፍቷት፤ «ኮራ» ስሜቱ ነው፣ «ሁ» እኔ ነኝ፣ «በ» መስተዋድዱ ነው፣ «ት» እሱ ነው። እንግሊዝኛ ይህችኑ አንድ ቃል አምስት ቦታ ይበትናታል፤ «አይ አም ፕራውድ ኦፍ ሂም»። ባለቤቱ፣ አያያዡ ግስ፣ ቅጽሉ፣ መስተዋድዱ፣ ተውላጠ ስሙ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይቆማሉ። ከአምስቱ ውስጥ በአማርኛው ቃል ጨርሶ የሌለው «አም» ነው፤ ተማሪ ቶሎ የሚጥለውም እሱን ነው። መስተዋድዱ ደግሞ በአማርኛው «በ» ስለሆነ ተማሪው «ኢን» ወይም «ባይ» ብሎ ይተረጉመዋል። ስህተቱ የሚገባው በእነዚህ በሁለቱ በሮች ነው።

መጀመሪያ አያያዡን ግስ እንያዝ። በትምህርት ቤት «ሊንኪንግ ቨርብ» የሚባለው ነው። ሥራ አይሠራም፤ ባለቤቱን ከጠባዩ ወይም ከሁኔታው ጋር ያያይዛል። ዋናው «ቢ» ነው፤ እሱም «አም»፣ «ኢዝ»፣ «አር»፣ «ዎዝ»፣ «ወር» እየሆነ ይመጣል። አማርኛችን «ፈራሁ» ብሎ ስለሚጨርስ «አይ አፍሬይድ» የሚል ተማሪ ብዙ ነው። በተቃራኒው ደግሞ «አም» ሁልጊዜ ያስፈልጋል ብሎ «አይ አም አግሪ» የሚል አለ። «አፍሬይድ» ቅጽል ስለሆነ «አም»ን ይፈልጋል፤ «አግሪ» ራሱ ግስ ስለሆነ አይፈልግም። ሲጠራጠሩ ከቃሉ በፊት «ቬሪ» ይጨምሩ። «ቬሪ አፍሬይድ» ይሄዳል፤ «ቬሪ አግሪ» አይሄድም። ከቅጽልና ከግስ «ቬሪ»ን ያለ ችግር የሚቀበለው ቅጽሉ ነው፤ ስለዚህ ከፊቱ አያያዥ ግስ ያስፈልገዋል። ሌላው የተለመደ ስህተት ከ«ደክሞኛል» ይመጣል። «ደክሞኛል» በቅርጹ ያለፈ ነገር ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን አሁን ያለሁበት ሁኔታ ነው። ቅርጹን የተከተለ ተማሪ «አይ ሃቭ ታየርድ» ይላል። ትክክሉ «አይ አም ታየርድ» ነው። «ርቦኛል»፣ «በርዶኛል»፣ «ጠምቶኛል» ሁሉም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ፤ «አይ አም ሃንግሪ»፣ «አይ አም ኮልድ»፣ «አይ አም ተርስቲ»።

ከ«ቢ» ቀጥሎ የሚመጡት አምስቱ የስሜት ሕዋስ ግሶች ናቸው፤ «ሉክ»፣ «ሳውንድ»፣ «ስሜል»፣ «ቴስት»፣ «ፊል»። የሾርባው ዓረፍተ ነገርዎ የተበላሸው እዚህ ነው። እነዚህ ግሶች ሁለት ሕይወት አላቸው፤ አንዳንዴ ያያይዛሉ፣ አንዳንዴ ሥራ ይሠራሉ። ሲያያይዙ ቅጽል ይከተላቸዋል፤ ሥራ ሲሠሩ ተውሳከ ግስ ይከተላቸዋል። የእንግሊዝኛ መምህራን የሚሰጡት መለያ፣ ግሱን አውጥቶ በ«ኢዝ» ወይም በ«ዎዝ» መተካት ነው። «ዘ ሱፕ ኢዝ ዴሊሸስ» ትርጉም ስለሚሰጥ «ዘ ሱፕ ስሜልስ ዴሊሸስ» በቅጽል ይቀራል። «ዘ ሼፍ ስሜልድ ዘ ሱፕ ኬርፉሊ» የሚለውን ግን «ዘ ሼፍ ዎዝ ዘ ሱፕ» ብለው ቢተኩት ሼፉ ራሱ ሾርባ ሆኖ ያርፋል። ስለዚህ እዚያ «ስሜልድ» ሥራ ነው፣ «ኬርፉሊ» ደግሞ ሥራው እንዴት እንደተሠራ ይናገራል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ከዚህ የፈጠነ መለያ አለ፤ ብዙ መጽሐፍ ላይ አለመጻፉ ያሳዝነኛል። እንግሊዝኛ በአንድ ግስ የሚያደባልቀውን አማርኛ በሁለት ግስ ይለየዋል። «ስሜል» ሸተተም ነው፣ አሸተተም ነው። «ሉክ» መሰለም ነው፣ ተመለከተም ነው። «ፊል» ተሰማም ነው፣ ዳሰሰም ነው። «ቴስት» ጣዕሙ እንዲህ ነው ለማለትም ይሆናል፣ ቀመሰ ለማለትም ይሆናል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን በልብዎ በአማርኛ ይበሉት። የመጣልዎት ሸተተ፣ መሰለ፣ ተሰማ ከሆነ ቅጽል ያስቀምጡ። የመጣልዎት አሸተተ፣ ተመለከተ፣ ዳሰሰ፣ ቀመሰ ከሆነ ተውሳከ ግስ ያስቀምጡ። እንግዳው የተቆጣ መሰለ፤ «ዘ ጌስት ሉክድ አንግሪ»። እንግዳው ሂሳቡን በቁጣ ተመለከተ፤ «ዘ ጌስት ሉክድ አንግሪሊ አት ዘ ቢል»። በሁለተኛው ላይ «አት» መግባቱንም ያስተውሉ፤ «ሉክ» ተመለከተ ሲሆን የሚታየውን ነገር በ«አት» ይይዛል። አያያዥ ሲሆን «አት» የለውም።

ስለ «ፊል ባድ» እና «ፊል ባድሊ» ብዙ ሰው ይከራከራል። ጥንቃቄ ያበዛ ተማሪ ግስ ስላየ ብቻ «አይ ፊል ባድሊ» ይላል። አፍ መፍቻቸው እንግሊዝኛ ከሆነ ሰዎችም እንዲህ የሚሉ አሉ። በፈተናና በሥራ ጽሑፍ ግን «አይ ፊል ባድ» ይበሉ፤ «ፊል» እዚህ ተሰማኝ ነው እንጂ ዳሰስኩ አይደለም። «ጉድ» እና «ዌል» ደግሞ ሌላ ጉዳይ ናቸው። በአማርኛ «ጥሩ ሰው ነው» እና «ጥሩ ይናገራል» ስንል ቃሉ አይለወጥም፤ ስለዚህ «ሂ ስፒክስ ጉድ» ይወጣናል። መናገር ሥራ ስለሆነ «ሂ ስፒክስ ዌል» መሆን አለበት። ይሁንና «ዌል» ለጤና ሲሆን ቅጽል ሆኖ ከአያያዥ ግስ በኋላ ይቆማል፤ «አይ አም ኖት ዌል» ማለት አሞኛል ነው። «ዩ ሉክ ጉድ» አምሮብሻል ነው። «ዩ ሉክ ዌል» ደግሞ ጤነኛ ትመስያለሽ ነው፤ ታሞ ለተነሳ ሰው የሚባል።

በ«ሊ» የሚያልቅ ሁሉ ተውሳከ ግስ አለመሆኑንም ይያዙ። «ፍሬንድሊ»፣ «ሎንሊ»፣ «ላቭሊ»፣ «አግሊ»፣ «ኤልደርሊ» ቅጽሎች ናቸው፤ «ሺ ሲምስ ፍሬንድሊ» ትክክል ነው። «ፋስት» እና «ሃርድ» ደግሞ ያለ «ሊ» ሁለቱንም ሥራ ይሠራሉ። «ሂ ወርክስ ሃርድ» ጠንክሮ ይሠራል ነው። «ሂ ሃርድሊ ወርክስ» ግን ከናካቴው አይሠራም ለማለት ጥቂት የቀረው ነው። ለሠራተኛ የምስክር ወረቀት ሲጽፉ ይህን ማምታታት ሰውየውን ሥራ ያሳጣዋል።

ወደ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገርዎ እንለፍ፤ «ሉክስ ላይክ አንግሪ»። ጥፋቱ የ«ይመስላል» ነው። በአማርኛ «አባቱን ይመስላል» እና «የተቆጣ ይመስላል» አንድ ግስ ናቸው። እንግሊዝኛ ግን ከኋላው የሚመጣውን አይቶ ይለያል። የሚከተለው ቅጽል ብቻ ከሆነ «ላይክ» አይገባም፤ «ሂ ሉክስ አንግሪ»። የሚከተለው ስም ከሆነ «ላይክ» ግዴታ ነው፤ «ሂ ሉክስ ላይክ ሂዝ ፋዘር»። የሚከተለው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከሆነ «አዝ ኢፍ» ይገባል፤ «ኢት ሉክስ አዝ ኢፍ ዘ ጌስት ኢዝ ሊቪንግ»። በዚህ በሦስተኛው ላይ በንግግር «ላይክ» የሚሉም ብዙ ናቸው፤ በጽሑፍ «አዝ ኢፍ»ን ይምረጡ። ቅጽሉ ስም ተከትሎት ከመጣ ስሙ ነው የሚቆጠረው፤ «ሂ ሉክስ ላይክ አን አንግሪ ማን» ስህተት የለበትም።

ሽታና ጣዕም ላይ አማርኛ የሚያምር ዘዴ አለው፤ ስሙን ይደግመዋል። «ቡና ቡና ይሸታል»፣ «ጭስ ጭስ ይላል»። ይህ ድግግሞሽ በእንግሊዝኛ «ኦፍ» ነው፤ «ዘ ሩም ስሜልስ ኦፍ ስሞክ»። የክፍል ቅሬታ ለጥገና ወይም ለጽዳት ክፍል ሲያስተላልፉ ይህች ዓረፍተ ነገር ትጠቅማለች። «ላይክ»ም ይሆናል፤ ግን «ኦፍ» ነገሩ በእርግጥ እዚያ እንዳለ ወይም እንደነበረ ይጠቁማል፣ «ላይክ» ደግሞ ይመሳሰላል ብቻ ይላል።

«ይጣፍጣል» እና «ያምራል» በውስጣቸው ቅጽሉን ይዘው የሚዞሩ ግሶች ናቸው። «ይጣፍጣል»ን «ኢት ቴስትስ» ብሎ መተው ጎዶሎ ነው፤ «ኢት ቴስትስ ጉድ» መባል አለበት። ከ«ስሜል» ጋር ግን ሁለቱ ቋንቋዎች ይገናኛሉ። በአማርኛ «ይሸታል» ብለን ዝም ካልን መጥፎ ሽታ ማለታችን ነው፤ በእንግሊዝኛም «ኢት ስሜልስ» ብቻውን ሲቆም ያው መጥፎ ሽታ ነው። ስለዚህ የምግቡን መዓዛ ለማድነቅ «ኢት ስሜልስ» ብለው እንዳያቆሙ። «ያምርብዎታል» የምንላትን ደግሞ እንደ «ኮራሁበት» ይፍቷት፤ ውስጧ ያለው «ብ» በእንግሊዝኛ «ኦን» ይሆናል፤ «ኢት ሉክስ ጉድ ኦን ዩ»።

የለውጥ ግሶችን በአጭሩ ልለፋቸው። ተማሪ ሁሉንም በ«ቢከም» ይሸፍናል፤ ሰዋስው አያፈርስም፣ ግን ይከብዳል። በንግግር የሚቀለው «ጌት» ነው፤ «ጌት ታየርድ»፣ «ጌት ኮልድ»፣ «ጌት ዳርክ»። ቀለም ሲለወጥ «ተርን» ይባላል፤ ፊቱ ቀላ «ሂዝ ፌስ ተርንድ ሬድ»። ምግብ ሲበላሽ «ጎ ባድ» ነው። ሰው ሲያረጅ «ግሮው ኦልድ»፣ እንቅልፍ ሲወስደው «ፎል አስሊፕ»፣ ሕልም እውን ሲሆን «ከም ትሩ» ነው። ባለበት ሲቆይ «ስቴይ» ወይም «ሪሜይን» ይሆናል፤ «ፕሊዝ ስቴይ ካልም»። እዚህ ላይ «ካልምሊ» አይባልም፤ እርጋታው የሰውየው ነው እንጂ የመቆየቱ አይደለም።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርዎ፣ «አይ አም ኢንተረስቲንግ»፣ ሰዋስዉ ልክ ነው፤ የሚናገረው ግን «እኔ ሳቢ ሰው ነኝ» ነው። ኃላፊዎ ያሰመሩበት ለዚህ ነው። «ስብሰባው ሰለቸኝ» ስንል ባለቤቱ ስብሰባው ነው፤ እኔ መጨረሻ ላይ «ኝ» ሆኜ ተሳቢ ነኝ። እንግሊዝኛ ይህን ዝምድና በቅጽሉ ጭራ ያሳያል፤ ስሜቱን የሚያመጣው ነገር «ኢንግ»ን ይይዛል፣ ስሜቱ የደረሰበት ሰው «ኢድ»ን ይይዛል። «ዘ ሚቲንግ ኢዝ ቦሪንግ፣ አይ አም ቦርድ»። መለያው እዚህም በእጃችን ነው። በአማርኛ «የሚያሰለች»፣ «የሚያስፈራ»፣ «የሚያስገርም»፣ «የሚያደክም» ብለው የሚጠሩት፣ ማለትም «የሚያ» የሚለውን የያዘው፣ በእንግሊዝኛ «ኢንግ» ነው። «የሰለቸው»፣ «የፈራ»፣ «የተገረመ»፣ «የደከመው» የምንለው «ኢድ» ነው። ስለዚህ «አይ አም ኢንተረስትድ ኢን ዚስ ትሬይኒንግ»።

አሁን ከቅጽሉ በፊት ስለሚቆሙት ተውሳከ ግሶች። «አወር ሩምስ አር ቱ ክሊን» ብለው ለእንግዳ ሲጽፉ ማለት የፈለጉት «በጣም ንጹሕ» ነበር። «ቬሪ» በጣም ነው። በሁለት «ኦ» የሚጻፈው «ቱ» ግን ከልክ ያለፈ፣ ችግር ያመጣ በጣም ነው። «ዘ ባግ ኢዝ ቱ ሄቪ ቱ ሊፍት» ሻንጣው ከመክበዱ የተነሳ አይነሳም ነው። ከ«ቱ» በኋላ «ስለዚህ አይሆንም» የሚል ሐሳብ ተደብቆ አለ። ክፍሎቻችን «ቬሪ ክሊን» ናቸው ይበሉ። ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ፤ «በጣም እወዳለሁ»ን «አይ ቬሪ ላይክ» ማለት። «ቬሪ» ቅጽልንና ተውሳከ ግስን እንጂ ግስን አያጠናክርም፤ ግስ ሲሆን «አይ ላይክ ኢት ቬሪ መች» ወይም «አይ ሪሊ ላይክ ኢት» ነው። «ኢናፍ» ደግሞ ከቅጽሉ በኋላ ይቆማል፤ «ቢግ ኢናፍ»። ከስም ጋር ሲሆን ከፊቱ ነው፤ «ኢናፍ ሩምስ»። «ኦልዌይስ»፣ «ዩዥዋሊ»፣ «ኔቨር» የመሳሰሉት ከ«ቢ» በኋላ፣ ከሌሎች ግሶች ግን በፊት ይገባሉ፤ «ሂ ኢዝ ኦልዌይስ ሌት» ነገር ግን «ሂ ኦልዌይስ ከምስ ሌት»።

የቀረው መስተዋድዱ ነው፤ ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቀውም እሱ ነው። እውነቱን ለመናገር ሁሉንም የሚገዛ ሕግ የለም። ቅጽሉና መስተዋድዱ እንደ ባልና ሚስት አብረው ይጠናሉ። ሆኖም የት እንደምንሳሳት በደንብ ይታወቃል፤ አብዛኛው በ«በ» እና በ«ከ» ላይ ነው።

«በ» በእንግሊዝኛ ቢያንስ ስድስት ፊት አላት። በሒሳብ ጎበዝ ነው ሲባል «አት» ናት፤ «ጉድ አት ማትስ»። በልጄ እኮራለሁ ሲባል «ኦፍ»። በአገልግሎቱ ረክቻለሁ ሲባል «ዊዝ»፤ «ሳቲስፋይድ ዊዝ ዘ ሰርቪስ»። ላሊበላ በውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ይታወቃል ሲባል «ፎር»፤ «ፌመስ ፎር»። በማዕድን የበለጸገ ሲባል «ኢን»፤ «ሪች ኢን»። በሌላ ሰው ላይ ጥገኛ ሲሆን፣ «በ» ከ«ላይ» ጋር ስትመጣ፣ «ኦን»፤ «ዲፔንደንት ኦን»። በውሃ የተሞላ ደግሞ ተመልሶ «ፉል ኦፍ ዋተር» ነው። ስለዚህ «በ» በልብዎ ከመጣች አይተርጉሟት፤ ቅጽሉን ይጠይቁት።

«ከ» ብቻዋን ስትሆን ብዙ ጊዜ ታማኝ ናት፤ «ፋር ፍሮም»፣ «ዲፈረንት ፍሮም»፣ «አብሰንት ፍሮም»። እንግሊዞች «ዲፈረንት ቱ»፣ አሜሪካኖች «ዲፈረንት ዛን» ሲሉ ይሰማሉ፤ «ፍሮም» በሁለቱም አገር ስለማይነቀፍ እሱን ይያዙ። «ከ» ችግር የምታመጣው ከ«ጋር» ጋር ስትሆን ነው። ከሐኪም ጋር ተጋባች የሚለው «ዊዝ»ን ይጠራል፤ እንግሊዝኛ ግን «ማሪድ ቱ ኤ ዶክተር» ይላል። «ማሪድ ዊዝ ቱ ቺልድረን» ቢያዩ፣ እዚህ «ቱ» ቁጥሩ ሁለት ነውና፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች ወላጅ ማለት ነው፤ ከልጆቹ ጋር ተጋባ ማለት አይደለም። ከዚህኛው ጋር ተመሳሳይ «ሲሚላር ቱ» ነው። ከነጻነት ጋር በተያያዘ ደግሞ፣ ከመንግሥት ነጻ የሆነ «ኢንዲፔንደንት ኦፍ» ነው፤ «ዲፔንደንት» «ኦን»ን ወስዶ ሳለ ተቃራኒው «ኦፍ»ን መውሰዱ ብዙ ተማሪ ያሳስታል።

«ለ» እና «ስለ» ግን ይረዱናል። ለጉዞው ዝግጁ «ሬዲ ፎር»፣ ለጥፋቱ ተጠያቂ «ሪስፖንሲብል ፎር»፣ ስለ ልጁ መጨነቅ «ወሪድ አባውት»። «ለ» የምታሳስተው በሰው ላይ የምናሳየውን ጠባይ ስንናገር ነው፤ ለእንግዳው ትሑት የሚለው «ፖላይት ቱ» ነው፤ «ካይንድ»፣ «ሩድ»፣ «ናይስ» ሁሉም «ቱ»ን ይወስዳሉ። በአማርኛ ምንም መስተዋድድ የማይፈልጉትም አሉ። ውሻ ይፈራል ስንል በመካከል ምንም የለም፤ በእንግሊዝኛ «አፍሬይድ ኦፍ» ነው። ተማሪው «አፍሬይድ ፍሮም» የሚለው ሽሽቱን አስቦ ይመስለኛል። «አዌር»፣ «ፎንድ»፣ «ጀለስ»፣ «አሼምድ»፣ «ሹር»፣ «ኬፐብል»ም ከ«ኦፍ» ጋር ይሄዳሉ። በአእምሮ ውስጥ የሚኖር ስሜትና ዕውቀት ወደ «ኦፍ» ያዘነብላል ብሎ መያዝ ይጠቅማል፤ ግን «ወሪድ» እና «ኢንተረስትድ» ይህን አይከተሉም።

አንዱ ቅጽል መስተዋድዱን ሲለውጥ ትርጉሙም ይለወጣል። አራተኛው ዓረፍተ ነገርዎ እዚህ ይገባል። «ጉድ አት» ችሎታ ነው፤ «ጉድ ዊዝ» ነገሩን ወይም ሰውን አያያዝ ማወቅ ነው፤ «ጉድ ፎር» ጥቅም አለው ነው፤ «ጉድ ቱ» ደግ ነው። ኮምፒውተር የሚያያዝ ነገር ስለሆነ «አይ አም ጉድ ዊዝ ኮምፒውተርስ» ይበሉ፤ ወይም «ጉድ አት ዩዚንግ ኮምፒውተርስ»። «ታየርድ ፍሮም ዘ ጆርኒ» ጉዞው አካሌን አደከመኝ ነው፣ «ታየርድ ኦፍ ዘ ጆርኒ» ጉዞው ሰለቸኝ ነው። ለአሠሪ የሚላክ ኢሜይል ላይ «አይ አም ታየርድ ኦፍ ዘ ወርክ» ብሎ መጻፍ ደከመኝ ሳይሆን ሥራችሁ አስጠላኝ ሆኖ ይነበባል። «አንግሪ» በሰው ላይ ሲሆን «ዊዝ»፣ በነገሩ ላይ ሲሆን «አባውት» ነው፤ «ዘ ጌስት ኢዝ አንግሪ ዊዝ አስ አባውት ዘ ቢል» ሁለቱንም በአንድ ላይ ይይዛል።

ከመስተዋድዱ በኋላ የሚመጣው ስም፣ ተሳቢ ተውላጠ ስም ወይም በ«ኢንግ» የሚያልቅ ግስ ብቻ ነው። «ፕራውድ ኦፍ ሂ» አይባልም፣ «ሂም» ነው። «ኢንተረስትድ ኢን ለርን» አይባልም፣ «ለርኒንግ» ነው። ብዙ ሰው የሚወድቅባት «ዩስድ ቱ» ናት። «አይ አም ዩስድ ቱ ወርኪንግ አት ናይት» የሌሊት ሥራ ለምጃለሁ ነው፤ እዚያ «ቱ» መስተዋድድ ስለሆነች «ኢንግ» ትፈልጋለች። «አይ ዩስድ ቱ ወርክ አት ናይት» ግን ድሮ ሌሊት እሠራ ነበር፣ አሁን ቀርቷል ነው። ልዩነቱ ያለው በ«አም» እና በ«ኢንግ» ላይ ብቻ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው በ«ዛት» የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ከሆነ ደግሞ መስተዋድዱ ይወድቃል፤ «አይ አም ሹር ኦፍ ኢት» ነገር ግን «አይ አም ሹር ዛት ዘ ሩም ኢዝ ሬዲ»።

ለልምምድ አንድ ትንሽ ደብተር ያዘጋጁ። በገጹ ግራ በኩል የአማርኛውን አንድ ቃል ይጻፉ፤ «ኮራበት»፣ «ፈራው»፣ «ሰለቸው»፣ «ረካበት»። በቀኝ በኩል አያያዡን፣ ቅጽሉንና መስተዋድዱን ሳይነጣጥሉ ይጻፉ፤ «ቢ ፕራውድ ኦፍ»። «ፕራውድ»ን ብቻዋን ከጻፉ ደብተሩ አይጠቅምም። በቀን 5 ይበቃል። ከሥሩ በዚያው ቀን ሥራ ላይ በእርግጥ ሊሉት የሚችሉትን አንድ ዓረፍተ ነገር ያክሉ፤ ከመጽሐፍ የተገለበጠ ምሳሌ አይቆይም። በሳምንቱ መጨረሻ ቀኙን በወረቀት ሸፍነው ግራውን እያዩ ጮክ ብለው ይበሉት። የተሳሳቱትን ብቻ ወደሚቀጥለው ሳምንት ያሸጋግሩ። ኢሜይል ከመላክዎ በፊት ደግሞ እያንዳንዱን ቅጽል በጣትዎ ይንኩና ሦስት ነገር ይዩ፤ ከፊቱ አያያዥ ግስ ወይም ከኋላው ስም አለ? ጭራው «ኢንግ» ነው ወይስ «ኢድ»፣ ባለቤቱስ ማን ነው? ከኋላው ያለው መስተዋድድ በደብተሩ ካለው ጋር አንድ ነው?

አንድ የመጨረሻ ነጥብ፣ ምክንያቱም በእንግዳ መቀበያ ላይ ከመልስ ይልቅ ጥያቄ ይበዛል። በአማርኛ መስተዋድዱ ከስሙ ፊት ይለጠፋል፤ «በምን» ብለን እንጠይቃለን፣ «በ»ን ብቻዋን መጨረሻ ላይ አንተዋትም። እንግሊዝኛ ግን ይተዋታል፤ ተማሪውም መጨረሻ ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ቃል የተሳሳተች መስላው ይቆርጣታል። እንግዳውን ምን ዓይነት ጉብኝት እንደሚፈልግ ሲጠይቁት «ዋት ካይንድ ኦፍ ቱር አር ዩ ኢንተረስትድ ኢን?» ይበሉ፤ ያቺ የመጨረሻዋ «ኢን» ከ«ኢንተረስትድ» ጋር የመጣች ናትና አትጣልም። ምግብ የማይስማማው እንዳለ ሲጠይቁም «ኢዝ ዜር ኤኒቲንግ ዩ አር አለርጂክ ቱ?» ነው፤ «ቱ»ዋን ቀድመው ሳያነሷት እስከ መጨረሻው ይድረሱባት።